ከላይ ጭቃ ከስር ደረቅ የሆነ ማሳ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ዝናቡ ካባራ ሁለት ቀን አልፎት ውሃው ማሳው ላይ ተኝቷል፣ ስንዴው ቢጫ ሆኗል፣ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲወጣ ደሞ ይሄው ማሳ ከጎረቤቱ ቀድሞ ይጠወልጋል። አብዛኛው ሰው ዩሪያ አነሰው ብሎ ይደግምበታል። ኧረ ተዉ፣ ብር አታቃጥሉ፣ መጀመሪያ ቆፍራችሁ እዩት።

ምክንያቱ፦ ጤነኛ አፈር ትልልቅና ትንንሽ ቀዳዳ አለው፣ ትልልቁ (ትልና ስር ያለፉበት፣ በጓልና በጓል መሀል ያለው) ውሃ ያሳልፋል አየር ያስገባል፣ ትንንሹ ውሃ ይዞ ለሰብሉ ያቆያል። በጣም ደቃቁ ግን ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዘው ስሩ መሳብ አይችልም፣ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) በእጅ ሲነካ እርጥብ ሆኖ ሰብሉ የሚጠወልገው ለዛ ነው።

እኔ ደጋግሜ የማየው ማረሻው በሚደርስበት ልክ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ የተጠቀጠቀ ንጣፍ ነው። መሬቱ ሳይጠነፍፍ ሲታረስ፣ ላዩ ላይ ከብት ሲመላለስ ትልልቁ ቀዳዳ ይደፈናል። ባሶና ወራና ቡናማ አፈር ላይ አንድ አባወራ «መሬቱ አርጅቷል» ብለው ሊተዉት ነበር፣ በአካፋ አንድ ጎን ስንከፍት የስንዴው ስር ቀጥ ብሎ ይወርድና ንጣፉ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ንጣፉ እንደተለቀለቀ ወለል ለስልሶ ያብለጨልጫል፣ ከሱ በታች ያለው አፈር በነሐሴ ደርቆ ተቀምጧል። ምንጃር ላይ ደሞ በኪራይ ትራክተር በጭቃ ያሳረሱ ሰዎች ነበሩ፣ ጎማው የሄደበት መስመር ላይ ጤፉ አጥሮ ቀረ። ባለትራክተሩ ቸኮለ ብላችሁ እርጥብ መሬት አታሳርሱ!

መፍትሄው፦ አጨዳው ካለቀ በኋላ አፈሩ ደረቅ ሲል በዶማ ንጣፉን ሰንጥቁት፣ የታችኛውን ወደ ላይ አትገልብጡ። በእርጥቡ ከነካችሁት ይለጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። በዛው ዓመት ስሩ ጠልቆ የሚወርድ ነገር ዝሩ፣ ጎመንዘር ጥሩ ነው፣ ኮምፖስትም አብሉት፣ አለዚያ ተመልሶ ይገጥማል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ፍጉ ሁሉ ኩበት ሆኖ ምድጃ እንደሚገባ አውቃለሁ፣ ማገዶ የለም፣ ግን አመድ አፈር አያያይዝም፣ ቢያንስ ግማሹን ገለባ ለመሬቱ ተዉለት። ጓይ (አፈሩን ከምሮ ማቃጠል) ደሞ ይቅር፣ የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል፣ አፈሩን የሚያያይዘው ብስባሽ ግን ተቃጥሎ ያልቃል፣ ከዛ በኋላ መሬቱ ዓመታት ያርፋል።

ጅሩና እነዋሪ ላሉት፣ መረሬ ክረምት ላይ ሲያብጥ ስንጥቁ ስለሚዘጋ ንጣፍ ባይኖርም ውሃ ይተኛል፣ እሱ ከፍ ያለ ሰፊ መደብ ነው ሚፈልገው፣ የመደቡ ስፋት 80 የቦዩ 40 ሳንቲሜትር፣ የቦዩን መውጫ ክፍት አድርጉ፣ የጎረቤት ማሳ ላይ ግን አትልቀቁት።

ላዩ ብቻ ቀጭን ቅርፊት ከሰራ ገለባ አልብሱት። ሸዋሮቢት በመስኖ የሚለማ መሬት ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ ጨው ሊሆን ስለሚችል አፈሩን አስመርምሩ።