የትልቁ አንጀት ካንሰር፦ ቀኝ ነው ግራ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የአንጀት ካንሰር ነው» ሲባል ሁሉም የሚጠይቀው ደረጃውን ነው። «ስንተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ዕጢው የት ቦታ እንዳለም ይጠየቅ። ሪፖርቱ ላይ «ሲከም» (የትልቁ አንጀት መነሻ) ወይም «አሴንዲንግ» ከተጻፈ ቀኝ ነው። «ዲሴንዲንግ» ወይም «ሲግሞይድ» ከሆነ ግራ።

«ደም አላየሁም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ» ማለት

በእኔ እይታ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ትልቁ አንጀት የሚጀምረው በቀኝ በኩል፣ ከትርፍ አንጀት አጠገብ ነው። እዚያ አንጀቱ ሰፊ ነው፤ ሰገራውም ገና ፈሳሽ ነው። ዕጢው መንገድ ሳይዘጋ ብዙ ያድጋል። ደሙም ጥቂት በጥቂት ስለሚንጠባጠብ ከሰገራው ጋር ተቀላቅሎ አይታይም። የሚታየው ድካም፣ የፊት መገርጣት፣ ደረጃ ሲወጡ ማለክለክ ነው። ሰውየው ይመረመራል፤ «ደም ማነስ» ይባላል፤ የአይረን ኪኒን ይዞ ወደ ቤቱ። የደሙ ቁጥር ከፍ ሲል ነገሩ ተዘጋ! አዋቂ ወንድ ወይም የወር አበባ ያቆመች ሴት አይረን ካነሳቸው፣ ደሙ በየት እየፈሰሰ እንደሆነ መፈለግ አለበት።

«ኪንታሮት ነው» ብሎ መተው

ይሄ በብዛት የግራው ጣጣ ነው። መንገዱ ጠበብ ይላል፤ ሰገራውም ደረቅ ነው። ደም ይታያል፣ ሰገራ ይቀጥናል፣ ድርቀትና ተቅማጥ ይፈራረቃሉ። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ሳይታዩ ግን አይታወቅም።

ግማሹን አይቶ «ሁሉም ታየ» ማለት

ሲግሞይዶስኮፒ (ካሜራ ባለው አጭር ቱቦ የሚደረግ ምርመራ) የሚያየው የግራውን በኩል ብቻ ነው። ቀኙን ለማየት ረጅሙ ቱቦ፣ ኮሎኖስኮፒ፣ ያስፈልጋል፤ እሱም እስከ መጨረሻው ከደረሰ ነው። «ሲከም ድረስ ታይቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ከምርመራው በፊት የሚጠጣውን የአንጀት ማጽጃ መድኃኒት ደግሞ «በቃኝ» ብለው አያጋምሱት። በቀኝ በኩል ያሉ አንዳንድ ፖሊፖች (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅሉ ትናንሽ እብጠቶች) ጠፍጣፋ ስለሆኑ ትንሽ ቆሻሻ ይሸፍናቸዋል።

«ቀኝ ከሆነ አለቀ» ማለት

በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደ አንድ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሆኖ ነበር። በሽታው ከተሰራጨባቸውና በዕጢያቸው ውስጥ ያለው ኬራስ (KRAS) የሚባል ጂን ካልተለወጠ ታማሚዎች መካከል፣ ዕጢያቸው በግራ የሆነው በመካከለኛ ግምት 33.3 ወር፣ በቀኝ የሆነው 19.4 ወር ኖረዋል። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ግን የተሰራጨ በሽታ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለና «ኤምኤስአይ ሃይ» (ሴሎቹ የዲኤንኤ ስህተት ማረም ያቃታቸው) የሚባለው ዓይነት በቀኝ በኩል ይበዛል፤ የእሱ ውጤት ደግሞ ጥሩ ነው።

የጂን ምርመራ ሳይጠይቁ ሕክምና መጀመር

በዚያው ጥናት ሴቱክሲማብ የተባለውን፣ ዕጢውን እንዲያድግ የሚያዝዘውን ምልክት የሚገታ መድኃኒት ከኬሞ ጋር የወሰዱ የግራ ታማሚዎች 36 ወር፣ የቀኞቹ 16.7 ወር ነበር የኖሩት። መድኃኒቱ አንድ፣ ውጤቱ ለየቅል። ስለዚህ ዛሬ ሴቱክሲማብና አምሳያው ፓኒቱሙማብ በመጀመሪያው ሕክምና በዋናነት የሚታዘዙት ለግራው ነው፤ ያውም ኬራስን ጨምሮ «ራስ» (RAS) የሚባሉት የዕጢው ጂኖች ካልተለወጡ። ኤምኤስአይ ሃይ ለሆነ የተሰራጨ በሽታ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃው ፔምብሮሊዙማብ በመጀመሪያ ሕክምናነት ተፈቅዷል። የጎረቤትዎ ወንድም በሌላ መድኃኒት ቢድን፣ ዕጢው የት እንደነበር ሳያውቁ «ለእኔም ይታዘዝልኝ» አይበሉ። ሬክተም (የአንጀቱ መጨረሻ፣ ከፊንጢጣ በላይ ያለው ክፍል) ላይ ከሆነማ መንገዱ ጭራሽ ሌላ ነው፦ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ኤምአርአይ፣ ከዚያ ጨረርና ኬሞ፣ ቀዶ ጥገናው በኋላ።