የጥላ ቅጠል ለድሬ ጸሐይ አትስጡ

ባለፈው ሚያዝያ ከሐረር የሎሚ ችግኝ አመጣሁ። የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ ሲገባ ቅጠሉ ያብረቀርቅ ነበር። ጸሐይ በደንብ ያግኘው ብዬ ግቢው መሃል አስቀመጥኩት። በ3ኛው ቀን የላይኛው ቅጠል መሃሉ ላይ ጥፍር የሚያህል ነጭ ምልክት አወጣ፤ ስነካው እንደ ደረቅ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቅጠል ግን ምንም አልሆነም። ውሃ አልጎደለበት፣ ተባይ የለበት፤ ያቃጠለችው ጸሐይ ናት። ከዚያ ወዲህ ቅጠል ጸሐይን እንዴት እንደሚችላት ሳነብ ከረምኩ፤ እዚህ ከተማ ደጋግመን የምንሳሳተው ምን ላይ እንደሆነም ገባኝ።

የመጀመሪያው ስህተት «ጸሐይ በበዛ ቁጥር ተክሉ ይጠግባል» ማለት ነው። ተክል ምግቡን በብርሃን ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን ቅጠሉ አቅም አለው። የሎሚ ወይም የቡና አንድ ቅጠል የቀትሩን ብርሃን ግማሽ እንኳ ሳያገኝ የመጨረሻ ፍጥነቱ ላይ ይደርሳል። አንድ ምጣድ ብቻ ላላት ጋጋሪ ሊጡን በባልዲ እያከታተሉ ቢያመጡላት ምን ይሆናል? ይገነፍላል። ቅጠሉ ውስጥም የተረፈው ብርሃን እንዲሁ ገንፍሎ የቅጠሉን አካል ያበላሻል።

ቅጠሉ ግን ዝም ብሎ አይቃጠልም፤ እኔን በጣም የገረመኝም ይሄ ነው። ብርሃን ሲበረታበት ምግብ የሚሠሩት አረንጓዴ የሴል ክፍሎች፣ ክሎሮፕላስቶች፣ ከሴሉ ፊት ተነስተው ወደ ጎን ግድግዳው ይሸሻሉ፤ በጠባብ ጥላ ሥር እንደተሰለፈ ሰው አንዱ ሌላውን ይጋርዳል። ቫዮላዛንቲን የሚባል ቢጫ ቀለም ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ዚያዛንቲን ወደሚባል ሌላ ቀለም ይቀየርና ትርፉ ብርሃን ጉዳት ሳያደርስ ሙቀት ሆኖ እንዲወጣ ያግዛል። ብርሃኑን ሥራ ላይ ለማዋል የሚያግዝ ዲ1 የሚባል ፕሮቲንም አለ፤ ጸሐይዋ ቀኑን ሙሉ ታበላሸዋለች፣ ቅጠሉም ቀኑን ሙሉ አዲስ እየሠራ ይተካዋል። ችግር የሚመጣው ብልሽቱ ከጥገናው ሲቀድም ነው። የመከላከያው አንድ ድክመት፣ ደመና ሲመጣ ቶሎ አለመጥፋቱ ነው፤ ብርሃኑ ቀንሶም ቅጠሉ ለጥቂት ጊዜ ብርሃንን በሙቀት መልክ መጣሉን ይቀጥላል። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ተመራማሪዎች የትምባሆ ተክል ከዚህ መከላከያ ቶሎ እንዲወጣ አድርገው በማሳ ላይ 15 በመቶ ገደማ የበለጠ እንዲያድግ ማድረግ ችለዋል።

ሁለተኛው የእኔው ስህተት ነው፤ ጥላ ውስጥ ያደገን ችግኝ በአንድ ቀን ጸሐይ ላይ ማውጣት። ጥላ ውስጥ የወጣ ቅጠል ሰፊና ስስ ነው፣ ብርሃን ለመልቀም የተሠራ። ጸሐይ ላይ የወጣው ግን ትንሽና ወፍራም ነው፣ መከላከያውም የበረታ። አንዴ ስስ ሆኖ ያለቀ ቅጠል ደግሞ ተመልሶ አይወፍርም። ተክሉ በደንብ የሚለምደው አዲስ ቅጠል አውጥቶ ነው፤ ለዚያ ጊዜ ስጡት። በመጀመሪያው ሳምንት ከንጋት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ጸሐይ ይበቃዋል፣ ከዚያ ወደ ጥላ። በሁለተኛው ሳምንት እስከ 4 እና 5 ሰዓት አድርሱት። ቀትር ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም ስስ ጨርቅ በአራት እንጨት ወጥሮ መጋረድ ነው። የተጎዳውንም ቅጠል ለመቁረጥ አትቸኩሉ፤ አረንጓዴ የቀረው ክፍሉ አዲሱን ቅጠል ይመግባል። ጊዜውንም እዩ። ድሬ ላይ ጸሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ በቀትር ልክ አናት ላይ ትቆማለች። የእኔን ሎሚ በሚያዝያ ነበር ያወጣሁት።

ቀትር ላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ባልዲ ይዞ መሮጥም አለ። ቆይ! በዚያ ሰዓት ብዙ ተክል ውሃ ላለማባከን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ያጠባል፣ ቅጠሉም ሲወርድ ብርሃኑ ፊት ለፊት አይመታውም። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት፣ አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ራሱ ቀና ይላል። እርጥብ አፈር ላይ ውሃ መጨመር ሥሩን ያበሰብሳል።

«የውሃ ጠብታ እንደ መነጽር ሆኖ ቅጠል ያቃጥላል» የሚባለውን በ2010 እ.ኤ.አ. የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ፈትነውት ነበር። ለስላሳ ቅጠል ላይ ጠብታው አላቃጠለም። ጸጉራም ቅጠል ላይ ግን፣ ጠብታው በጸጉሩ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ሊከሰት ይችላል። ለማንኛውም ውሃው በቀትር ስለሚተን ጠዋት አጠጡ።

ሌላው የማንጎ ነገር ነው። አንዲት ጎረቤታችን ማንጎዋ ለጋ ቅጠል ሲያወጣ ደንግጠው ጠሩኝ፤ «አቦ ልጄ፣ ዛፉ ደም መሰለ እኮ! መድኃኒት እንርጨው?» ሄጄ አየሁት። ቅጠሎቹ መዳብ የመሰለ ቀይ ናቸው፣ ለስላሳና ወደ ታች የተንጠለጠሉ። በሽታ አይደለም። ለጋ ቅጠል ገና አረንጓዴው ስላልበሰለ አንቶሲያኒን የሚባል ቀይ ቀለም ይጋርደዋል፣ መንጠልጠሉም ያንኑ ሥራ ያግዛል። «እማማ፣ አይንኩት» አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ።

የመጨረሻው ሁሉንም ተክል በአንድ ዓይን ማየት ነው። ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ከአየር የሚያገኙትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰብስበው የሚያጠራቅሙበት ተጨማሪ መንገድ አላቸው፤ ስለዚህ በሙቀትና በሙሉ ብርሃን ይፋፋሉ፣ ጥላ ብትሰጧቸው ትጎዷቸዋላችሁ። እሾሃማው በለስና እሬት ደግሞ ቀዳዳቸውን የሚከፍቱት ሌሊት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በአሲድ መልክ አስቀምጠው ቀን በሩን ዘግተው ይሠሩበታል። ቡና ግን ትውልዱ ከዛፍ ሥር ነው፣ በተለይ ችግኙ ጥላ ይፈልጋል። ከመትከላችሁ በፊት ተክሉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቁ።

ሎሚዬ አልሞተም። ወደ ኒም ዛፏ ጥላ መለስኩትና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ጸሐይ አስጠጋሁት። በሰኔ አዲስ ቅጠል አወጣ። ከድሮው ያነሰ ነው፣ በጣት ሲይዙት ግን ውፍረቱ ይታወቃል።