ማስመሪያው ይቆይ፦ ልጆችን በቤት ዕቃ ልኬትና ጂኦሜትሪ እንዴት እናስተምር

ብዙ ልጆች ከማስመሪያ ጋር የሚተዋወቁት ለምን እንዳስፈለገ ሳያውቁ ነው። መስመር ያሰምሩበታል፣ ቁጥሩን ያነቡለታል፤ ግን «30 ሴንቲ ሜትር በእጅህ አሳየኝ» ሲባሉ አንዱ የጣቱን ያህል፣ ሌላው የበሩን ወርድ ያህል ያሳያል። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። መጀመሪያ ግምት፣ ቀጥሎ በእጅና በእግር መለካት፣ ከዚያ ክርክር፣ ማስመሪያው መጨረሻ ላይ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ቤት ውስጥ አለ፦ ሲባጎ፣ መቀስ፣ ስስ ካርቶን፣ የውሃ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የልብስ መስቀያ፣ ስቴኪኒ፣ ምጣድ ወይም ሰፌድ። ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ ማወዳደር (ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይከብዳል) በቂ ነው። ከ7 እስከ 9 ዓመት ያለው በመለኪያ ይቆጥራል። ስፋት፣ ይዘትና ጥላ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ይቆዩ።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ደንብ አለ፤ ልጁ ግምቱን በወረቀት ላይ ሳይጽፍ ምንም ነገር አይለካም። ሳይገምት የሚለካ ልጅ ቁጥር ያነባል እንጂ አያስብም። ግምቱ ከእውነቱ ቢርቅ አይሳቁበት፤ በሳምንቱ መጨረሻ ልዩነቱ እየጠበበ መምጣቱን ከወረቀቱ ላይ ራሱ ያየዋል።

1. ርዝመት በስንዝርና በእርምጃ

ጠረጴዛውን እናትም ልጅም በየስንዝራቸው ይለኩት። እናት 8 ብትል ልጁ 11 ይላል። «ታዲያ ጠረጴዛው አጠረ እንዴ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። መልሱን አይንገሩት። ትንሽ ካሰበ በኋላ «የእኔ እጅ ትንሽ ስለሆነ ነው» ይላል፤ ትንሽ እጅ ብዙ ቁጥር መስጠቱ ለትልቅ ሰው ግልጽ ቢመስልም ለ7 ዓመት ልጅ አዲስ ግኝት ነው። ለመፈተን «ጨርቅ በክንድ የሚሸጥ ቢሆን ገበያ ማንን ይዘህ ትሄዳለህ?» ይበሉት።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ልጁ አንዱን ስንዝር ጨርሶ ሁለተኛውን ሲጀምር ወይ ክፍተት ይተዋል ወይ ይደርባል። ሁለተኛ ሰው የስንዝሩ ጫፍ ላይ ጣቱን ያኑር፤ ቀጣዩ ስንዝር ከዚያ ጣት ይጀምራል።

ቀጥሎ የአንድ ሰው ስንዝር በካርቶን ይቆረጥና ቤተሰቡ ሁሉ በዚያ ይለካ። አሁን ሁሉም ተመሳሳይ ቁጥር ያገኛል፤ «8 እና ትንሽ»። ያቺ «ትንሽ» ናት ትልቋ ትምህርት። ካርቶኑን ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት አጥፎ «8 ከሩብ» እንዲል ይርዱት። መለኪያ የሚከፋፈለው ለዚህ መሆኑ ሲገባው ማስመሪያው ይምጣ።

2. ማስመሪያን በትክክል ማንበብ

ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ከማስመሪያው ጠርዝ መጀመር ነው፤ ብዙ ማስመሪያ ከዜሮ በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ አለው። ሁለተኛው «መቁጠር ከአንድ ይጀምራል» ብሎ ከ1 መነሳት ነው። ሦስተኛው በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ሳይሆን መስመሮቹን መቁጠር ነው።

ስህተቱን ለማወቅ የማስመሪያውን መጀመሪያ እስከ 3 ድረስ በወረቀት ሸፍነው እርሳሱን ከ3 እስከ 11 ያስቀምጡ። «11 ነው» ያለ ልጅ ጫፉን ብቻ እያነበበ ነው። «9 ነው» ያለው መስመር ቆጥሯል። «8» ያለው ገብቶታል። ለተሳሳተው እየዘለለች የምትሄድ ጉንዳን ይሳሉለት፤ ከ3 ወደ 4 አንድ ዝላይ፣ ከ4 ወደ 5 ሁለተኛ ዝላይ። የሚቆጠረው ዝላዩ ነው።

የአናጢ ሜትር ካለዎት ጫፉ ላይ ያለችው የብረት መንጠቆ ስትነቃነቅ «ተበላሽቷል» እንዳይል ያስረዱት። ሆን ተብሎ ነው። ከውጭ ሲጠለፍ ትወጣለች፣ ከግድግዳ ጋር ሲገፋ ትገባለች፤ የምትንቀሳቀሰው የራሷን ውፍረት ያህል ስለሆነ በሁለቱም በኩል ልኩ ትክክል ይሆናል።

3. ዙሪያና ስፋት

ልጆች ከሁሉም በላይ የሚያደናግሩት እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀመሩ ቶሎ ስለሚሰጣቸው ነው። ቀመሩን ይተዉትና 12 ስቴኪኒ ይስጡት፤ ሹል ጫፎቹን በመቀስ እኩል ይቁረጧቸው። «ይህ አጥርህ ነው። ሁሉንም ተጠቅመህ በአራት ጎን አጥር አጥርልኝ፤ ማዕዘኖቹ እንደ ወረቀት ጥግ ቀጥ ይበሉ።» አንዱ 1 በ5 ያደርገዋል፣ ሌላው 2 በ4፣ ሌላው 3 በ3። አጥሩ በሁሉም 12 ነው። አሁን ጎኑ አንድ ስቴኪኒ የሆነ ካሬ ከወረቀት ይቁረጡና በየአጥሩ ውስጥ ስንት እንደሚገባ ያስቆጥሩት፦ 5፣ 8፣ 9። እኩል አጥር፣ ያልተመጣጠነ ግቢ። ይህን በእጁ የነካ ልጅ ዙሪያና ስፋትን መልሶ አያምታታም።

ከዚህ በኋላ ጋዜጣ በማስቲሽ አያይዘው 1 ሜትር በ1 ሜትር ያዘጋጁ። ልጁ «100 ካሬ ቦታ» ሲባል ይሰማል፤ አንዱ ካሬ ይህ መሆኑን ወለሉ ላይ ዘርግተው ያሳዩት። እግረ መንገድዎን ቃሉ ራሱ እንደሚያሳስት ይወቁ። «ካሬ» አራት ጎኑ እኩል የሆነ ቅርጽም ነው፣ የካሬ ሜትር አጭር ስምም ነው። «75 ካሬ ቤት» ሲባል ቤቱ ቅርጹ ካሬ ነው ብሎ የሚያስብ ልጅ ጥቂት አይደለም።

«አንድ ካሬ ሜትር ስንት ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው?» ሲሉት 100 ይላል። ከጋዜጣው አንድ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቀጭን ቁራጭ ያስምሩ። በዚያ ቁራጭ ውስጥ 100 ትንንሽ ካሬዎች አሉ፤ ቁራጮቹ ደግሞ 100 ናቸው። 10,000 የሚለውን ራሱ ይደርስበታል።

4. ክብ ነገሮች

ምጣድ፣ ሰፌድ፣ የሲኒ ማስቀመጫና የጀሪካን ክዳን ያሰባስቡ። ምጣዱ ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ።

ዲያሜትሩን ለማግኘት የሲባጎውን አንድ ጫፍ በጠርዙ ላይ አጥብቆ መያዝና ሌላውን በተቃራኒው ጠርዝ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው፤ ረጅሙ ርቀት ዲያሜትር ነው። በዓይን «መሀሉን» መፈለግ ሁልጊዜ ያሳጥረዋል። ከዚያ በሌላ ሲባጎ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ጠምጥሞ መቁረጥ፣ የተቆረጠውን በዲያሜትሩ መለካት። 3 ጊዜ ይሄድና የዲያሜትሩ አንድ ሰባተኛ ያህል ይተርፋል። ምጣዱ 56 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 176 ገደማ ይመጣል። ክዳኑም፣ ሰፌዱም ያው ሦስት ከትንሽ። ልጁ ፓይን (የማንኛውም ክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚመጣውን ያንኑ ቁጥር) ከማንም አፍ ሳይሰማ አገኘው ማለት ነው። መልሱ 3.4 ወይም 2.9 ከመጣ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ክሩ ነው፤ የሹራብ ክርና ላስቲክ ይለጠጣሉ፣ ሲባጎ ግን ብዙም አይለጠጥም።

5. አንድ ሊትርን መሥራት

ከብስኩት ወይም ከፓስታ መያዣ ስስ ካርቶን 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ (ካልበቃ ሁለት ያያይዙ)። ከአራቱም ጥግ 10 በ10 ቆርጠው ያውጡ፤ የቀረው የመስቀል ቅርጽ ይሆናል። አራቱን ክንፎች ወደ ላይ አጥፈው በፕላስተር ያጣብቁ። 10 በ10 በ10 የሆነ ክፍት ሳጥን ተሠራ። ውስጡ ፌስታል አንጥፈው በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየለኩ ውሃ ያፍሱበት፤ ልክ 1 ሊትር ይይዛል።

በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። በተግባር ሁለት ነገር ይገጥምዎታል። ውሃው የካርቶኑን ጎን ወደ ውጭ ይገፋውና ከ1 ሊትር በላይ ይገባል፤ በአራቱም በኩል ወፍራም መጽሐፍ አስጠግተው ይደግፉት። ሁለተኛው ሃይላንዱ ነው። ግማሽ ሊትር የሚባለው ሃይላንድ እስከ አፉ ሲሞላ ከግማሽ ሊትር ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሲታሸግ ከላይ ክፍት ቦታ ይተውለታል። ከመክፈትዎ በፊት ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፤ በኋላ እስከዚያ ብቻ ይሙሉ። ወፍራም የዕቃ ካርቶን ከተጠቀሙ ደግሞ ውፍረቱ ውስጡን ያጠብበዋልና 10ሩን ከውስጥ ይለኩ።

አሁን «ጎኑን እጥፍ ብናደርገው፣ 20 በ20 በ20፣ ስንት ሊትር ይይዛል?» ይበሉ። ሁሉም 2 ይላል፤ ደፋሩ 4። ትንሹን ሳጥን እንደ ጡብ እያሰቡ ይደርድሩ፤ ታች 4፣ ላይ 4፣ 8 ሊትር።

ለትንንሾቹ የሚሆነው ሌላ ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከረጅም ቀጭን ብርጭቆ ወደ ሳህን ይገልብጡና «የቱ ይበዛል?» ይበሉ። ረጅሙ ይበዛል ካለ አያርሙት። የስዊዙ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እንዳሳየው ይህ የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ መልሶ እያፈሰሰ ራሱ ይደርስበታል። ጤፍ ወይም ስኳር በጣሳ ሲለኩ ደግሞ የተቆለለውንና በእንጨት የተላገውን ለየብቻ ያስመዝኑት፤ ገበያ ላይ ለምን ጭቅጭቅ እንደሚነሳ ይገባዋል።

6. ሚዛን ከልብስ መስቀያ

በሁለቱ ጫፍ ፌስታል የሚንጠለጠልበት ጎድጎዳ ቦታ ያለው መስቀያ ይምረጡ፤ ከሌለው ፌስታሎቹ ይንሸራተታሉና በፕላስተር ይያዙ። ክብ ዘንግ ላይ አንጠልጥለው ባዶውን ይሞክሩት። ካዘመመ በቀለለው በኩል ፕላስተር እየለጠፉ ያስተካክሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ከላይ ምልክት ያደረጉበት ሃይላንድ የግማሽ ኪሎ ድንጋይዎ ነው። የፕላስቲኩን ክብደት ለማጣፋት በሌላው ፌስታል ባዶ ሃይላንድ ይጨምሩ። ከዚያ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ ስንት ራስ እንደሚሆን ይገምት።

7. ማዕዘን

ማንኛውንም ወረቀት፣ የተቀደደም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ይጠፉ። ከዚያ የታጠፈው መስመር በራሱ ላይ እንዲገጥም አድርገው ድጋሚ ይጠፉት። ጥጉ 90 ዲግሪ ነው፤ የግንበኛ ስኳድራ የወረቀት ታናሽ። ልጁ ይህን ይዞ ቤቱን ይዙር፤ የትኛው በር፣ የትኛው መስኮት ይገጥማል? ለሰዓት የኛ አቆጣጠር እንዳያወዛግብ አይስጉ፤ ደቂቃው 12 ላይ ሆኖ አጭሩ ዘንግ 3 ላይም ሆነ 9 ላይ ቢያርፍ መካከሉ ያው 90 ነው።

የክፍሉን ጥግ ለመፈተን ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 100 ከመጣ ጥጉ ቀጥ ያለ ነው፤ 102 ከሆነ ከ90 ሰፍቷል፣ 98 ከሆነ ጠቧል። መሠረት የሚያወጡ ግንበኞችም የሚጠቀሙበት ይኸው 3፣ 4፣ 5 ነው። ሜዳ ላይ በገመድ ለመሥራት 12 እኩል ክፍል ያስፈልጋል፤ ቋጠሮ ገመዱን ስለሚበላው በቋጠሮ ሳይሆን በቀለም ምልክት ያድርጉ።

ለማረፊያ፣ ስትሮ በክር አያይዘው ባለ ሦስትና ባለ አራት ጎን ይሥሩ። አራቱ ይወላገዳል፣ ሦስቱ አይነቃነቅም። ቀጥሎ ሕንጻ ሲሠራ ያዩ ጊዜ መወጣጫው ላይ በሰያፍ የተመታውን አጣና ያሳዩት።

8. ዛፍን በጥላው መለካት

1 ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጎ ማቆም (በክር ጫፍ ድንጋይ አስረው እንደ ቱንቢ ያስተያዩት)፣ የእንጨቱንና የዛፉን ጥላ መለካት፣ የዛፉን ጥላ በእንጨቱ ጥላ ማካፈል። የእንጨቱ ጥላ 80 ሴንቲ ሜትር፣ የዛፉ 6 ሜትር ከ40 ከሆነ ዛፉ 8 ሜትር ነው። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ሻይ አይጠጣም፤ ጥላው ይሄዳል። መሬቱም ሜዳ ይሁን፣ ተዳፋት ጥላውን ያስረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል።

ሰዓቱ ይመረጥ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ያጥራል፣ በአንዳንድ ወራትም እግር ሥር ይሰበሰባል፤ የእንጨቱ ጥላ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የ1 ሴንቲ ሜትር ስህተት የዛፉን ቁመት ከመቶ አሥር እጅ ያህል ያዛባዋል። ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ጥሩ ነው። የተገኘውን ቁጥር ልጁ መጀመሪያ ከጻፈው ግምት አጠገብ ይጻፈው፤ ከዛፉ ቀጥሎ የመብራት ምሰሶውን ይለካ።