ኪችኑ ይታደስ ወይስ ይፍረስ? መጀመሪያ ከሲንኩ ስር እዩ

"ኪችናችን አርጅቷል፤ ቀለም ይበቃዋል ወይስ አፍርሰን እንሥራው?" ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች መጀመሪያ የሚያሳዩኝ በሩን ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጠርዙ ተልጧል፣ እጀታው ጊዜው አልፎበታል። እኔ ግን በሩን ከፍቼ እንበረከካለሁ። ለውሳኔው የሚያስፈልገኝ ነገር በብዛት ያለው ከሲንኩ ስር ነው።

ለዓመታት የኪችን ካቢኔት ስሠራና ስጠግን ሁለት ስህተቶች ሲደጋገሙ አይቻለሁ። አንደኛው፣ ገና ብዙ የሚያገለግል ካቢኔት "ፋሽኑ አለፈ" ተብሎ ሲፈርስ ነው። ሁለተኛው፣ ውስጡ የበሰበሰ ካቢኔት ቀለም ተቀብቶ፣ ግራናይት ተጭኖበት፣ ብዙም ሳይቆይ ሲዘም ነው። ይሄኛው ይብሳል። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ቤተሰቡም ሁለት ጊዜ ያለ ኪችን ይከርማል።

ብሎን ማጥበቁን፣ ሲፎን (ከሲንኩ ስር ያለውን የፍሳሽ መታጠፊያ) ማጽዳቱን፣ የቧንቧ ጎማ መቀየሩን እንደሞከራችሁ ቆጥሬ ልቀጥል። የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የካቢኔቱ ሳጥን (በሩ የሚታሰርበት አካል)፣ የዕቃዎቹ አቀማመጥ፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧና ሽቦ። ሦስቱም ጤነኛ ከሆኑ አታፍርሱ።

ምልክት፦ መልኩ አርጅቷል፣ ግን ሁሉም በደንብ ይከፈታል፣ ይዘጋል

መንስኤው ዕድሜ ብቻ ነው፤ ማደስ ይበቃዋል። በሮቹን ቀለም ቀቡ ወይም ቀይሩ፣ እጀታና መብራት ለውጡ።

እጀታ ከመግዛታችሁ በፊት የድሮዎቹን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል ለኩ። ብዙ ጊዜ 96፣ 128 ወይም 160 ሚሊሜትር ነው። ሳይለኩ ገዝተው በሩን ሁሉ እንደገና አስበስተው፣ የድሮውን ቀዳዳ በስቱኮ ሲደፍኑ የከረሙ ሰዎች አውቃለሁ።

የተቀባ በር በጥቂት ወር ከተላጠ፣ ቀለሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ቅባቱን ጠርጥሩ። ምድጃው አጠገብ ያለ በር በዓይን የማይታይ ቅባት ይሸከማል። መጀመሪያ ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና እጠቡት። በንጹህ ውሃ አለቅልቁት፣ አድርቁት። ከዚያ በኋላ ነው ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ የመጀመሪያ ቅብ)፣ ከዚያ ቀለም። ሳታጥቡ በብርጭቆ ወረቀት ካሻችሁት ቅባቱን በገጹ ሁሉ ላይ ታዳርሱታላችሁ። በሩ ላሚኔት፣ ማለትም ላዩ በቀጭን ፕላስቲክ ነክ ልባስ የተሸፈነ፣ ከሆነ ደግሞ ለለስላሳ ገጽ የተሠራ ፕራይመር ይፈልጋል። እና እባካችሁ፣ ሲነኩት የደረቀ ቀለም ጠንክሯል ማለት አይደለም። አብዛኛው ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ሳምንታት ይፈጅበታል። እስከዚያ አትፈትጉት።

ላዩ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ በሙቀት የተገነጠለ በር ቀለም አያድነውም። በሩን ብቻ ቀይሩ።

ምልክት፦ በሩ ዘሟል፣ ማጠፊያው ብሎን አይይዝም

ብሎኑን ንቀሉና ቀዳዳውን በጥፍራችሁ ጫር ጫር አድርጉት። ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል እንጂ እንጨቱ አልሞተም። በ8 ሚሊሜትር ፑንታ አስፉት፣ በልኩ የተቆረጠ የእንጨት ዘንግ በኮላ መትታችሁ አስገቡ፣ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት በቀጭን ፑንታ አዲስ ቀዳዳ አውጥታችሁ ብሎኑን እሰሩ። ረዘም ያለ ብሎን በማስገባት ለመገላገል አትሞክሩ። የካቢኔት ጎን ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ብሎኑ በሌላኛው በኩል ይወጣል።

ስትጭሩት እንደ ዱቄት ከረገፈ ግን ችግሩ የማጠፊያ አይደለም። ውሃ ገብቷል።

ምልክት፦ ከሲንኩ ስር ያለው ሰሌዳ አብጧል፣ ይሸታል፣ በሩ ከታች ይታከካል

በብዛት የምጠራው ለዚህ ነው። ሰው ግን "በሩ አልዘጋ አለኝ" ብሎ ነው የሚጠራኝ።

አብዛኛው ካቢኔት ቺፑድ ነው፤ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ። ላይና ታቹን የሸፈነው ላሚኔት ውሃ አያሳልፍም። ጠርዙ ግን ያሳልፋል። የቧንቧ ማሳለፊያው ቀዳዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራቁቱን ነው። ውሃው በዚያ ይገባል፣ ቺፑዱ ይጠጣዋል፣ ያብጣል። አንዴ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ውስጡ ያሉትን ቅንጣቶች የያዘው ሙጫ ተላቋልና። አረንጓዴ ቀለም የተቀላቀለበት ቺፑድ ሲያሳዩዋችሁ "ውሃ አይነካውም" ይሏችኋል። እርጥበት ይቋቋማል ማለት ነው እንጂ ኩሬ ውስጥ ይኖራል ማለት አይደለም። ይህን እያወቁ እንዲህ ብለው የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል።

አመረማመሩ ይህ ነው። ከሲንኩ ስር ያለውን ዕቃ በሙሉ አውጡ። ባልዲውም፣ ሳሙናውም፣ የተጠራቀመው ፌስታልም ይውጣ። የካቻቢቴ ጫፍ ይዛችሁ የኋላ ሁለቱን ማዕዘኖች፣ የቧንቧ ቀዳዳውን ዙሪያና የሁለቱን ጎኖች ታችኛ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉ። ካቻቢቴው ሰመጥ ካለ ያ ቦታ ሞቷል። ከዚያ ከካቢኔቱ እግር ፊት ያለውን ጠባብ ሰሌዳ ንቀሉና በስልካችሁ መብራት ከስር እዩ። ላይ ደህና መስሎ ከታች የጠቆረ ብዙ አይቻለሁ። መብራቱን ወደ ጎረቤት ሳጥኖችም አዙሩት። ውሃ ወለል ለወለል ይሄዳል።

ቀጥሎ ውሃው ከየት እንደመጣ እወቁ። ይህን ሳታውቁ ምንም አትቀይሩ። ሲፎኑ ላይ ያሉትን መገጣጠሚያዎች አድርቁና በያንዳንዱ ላይ ደረቅ ሶፍት ጠምጥሙ። ቧንቧውን ከፍቶ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ቀጭን ውሃ ሲፎኑን አያስጨንቀውም። ሲንኩን ደፍናችሁ እስከ አፉ ሙሉት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ልቀቁት። የሚያፈስ መገጣጠሚያ ያን ጊዜ ሶፍቱን ያርሰዋል። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ በብርጭቆ ውሃ የቧንቧውን እግር ዙሪያ አርጥቡ፣ ከስር ሆናችሁ ጠብቁ። እሱም ደህና ከሆነ የሲንኩን ከንፈር ዙሪያ አርጥቡ። አንድ በአንድ። ሁሉንም በአንዴ ካረጠባችሁ ከየት እንደመጣ አታውቁትም።

አንድ ቤት ከሲንክ ስር ያለው ሰሌዳ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ሁለቴም አብጦ ጠበቀኝ። ከእኔ በፊት የመጡት ሲፎኑን ቀይረዋል፣ ሲሊኮኑን አድሰዋል። ሶፍቱን ጠመጠምኩ፣ ደረቅ ነው። የቧንቧውን እግር አረጠብኩ፣ ምንም። ሊመሽ ሲል የቤቱ እመቤት አትክልት ሊያጥቡ መጡና የቧንቧውን ራስ ሳብ አድርገው አወጡት። ራሱ እየተሳበ የሚወጣ ዓይነት ነበር። ያኔ ከስር ጠብ ጠብ አለ። ውስጡ ያለው ቱቦ ተሰንጥቆ፣ ሲሳብ ብቻ ነበር የሚከፈተው። ውሃው በቱቦው ላይ ተንሸራቶ የኋላው ማዕዘን ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቧንቧውን ራሱ ባለቤቱ እንዲጠቀምበት አደርጋለሁ፣ እኔ ከስር ሆኜ አያለሁ።

አሁን ጉዳቱን መዝኑት።

ወለሉ ብቻ ከሞተና ጎኖቹ ጠንካራ ከሆኑ፣ ወለሉን ቆርጣችሁ አውጡና በኮምፔንሳቶ ወይም በፒቪሲ ሰሌዳ ተኩት። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በቀለም ወይም በሲሊኮን ድፈኑ። የቧንቧ ቀዳዳውንም ጭምር። ይህን ቀዳዳ የሚረሳ አናጢ ሥራውን በዓመቱ እንደገና ይሠራዋል።

የጎኖቹ እግር ከበሰበሰ ያንን አንድ ሳጥን ቀይሩ። ከላይ ያለውን ድንጋይ ደግፎ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ብቻችሁን አትሞክሩት። አዲሱ ሳጥን የፕላስቲክ እግር ይኑረው፤ ቺፑድ በቀጥታ ወለል ላይ አይቁም።

ብስባሴው ሁለትና ሦስት ሳጥን ካዳረሰ የታችኛው ረድፍ አልቆለታል። እዚህ ጋ ማፍረስ ትክክል ነው። የታችኛው ይፍረስ ማለት ግን የላይኛው ይፍረስ ማለት አይደለም። የላዮቹ ካቢኔቶች ውሃ ስለማይደርስባቸው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ናቸው። ታቹን አዲስ ሠርታችሁ፣ የላዩን በር ብቻ ቀይራችሁ አንድ ዓይነት ማድረግ ይቻላል። ይህን መንገድ የሚያስታውሳችሁ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ እናንተ ጠይቁ።

ያበጠ ቺፑድ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ አታልብሱ፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። በድሮ ሲሊኮን ላይ አዲስ ሲሊኮን አትደርቡ፤ አይጣበቅም። የድሮውን ልጣችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ አድርቃችሁ ነው አዲሱ የሚገባው። እብነበረድ ላይ ደግሞ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አትጠቀሙ፤ አሲዱ ድንጋዩን ይበላዋል።

ምልክት፦ ካቢኔቱ አሮጌ ነው፣ "ግራናይት ብቻ እንቀይር" ተብሏል

ይህ ምልክት ሳይሆን ዕቅድ ነው፤ ግን ብዙ ቤት የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ አላልፈውም። 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የ3 ሳንቲሜትሩ 80 ኪሎ ያህል። በፊት የነበረው ላሚኔት የዚያን ግማሽ እንኳ አይመዝንም። እግሩ የላላ ሳጥን ይህን ይዞ አይቆምም፣ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ድንጋዩ ደግሞ አይታጠፍም፤ የሚሰነጠቀውም በጣም በሳሳበት ቦታ፣ ከሲንኩ ፊትና ኋላ ባለው ቀጭን ድልድይ ላይ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ድንጋይ አዘው ከጨረሱ በኋላ በሮቹን እንድቀባ ጠሩኝ። ከሲንኩ ስር እርጥበት አየሁ። ተናገርኩ፤ ግን "ድንጋዩ ነገ ይመጣል" ሲሉኝ ዝም ብዬ ቀባሁ። ክረምቱ ሳያልፍ ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ሳጥኑን ሳልፈትሽ በር አልቀባም፤ ደንበኛው ቢቀየመኝም።

ምልክት፦ በር ከበር ይጋጫል፣ ሁለት ሰው አይተላለፍም፣ ምግብ ሲሠራ መመላለስ ያደክማል

አቀማመጡ ነው የተበላሸው። ቀለም ይህን አይፈታውም። በሲንክ፣ በምድጃና በፍሪጅ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኪችን ሲጠና የወጣው የሦስት ማዕዘን ሕግ አሁንም ይሠራል። እያንዳንዱ ጎን ከ1.2 እስከ 2.7 ሜትር፣ ሦስቱ ተደምረው ከ8 ሜትር ያልበለጡ ቢሆኑ ይመረጣል። መተላለፊያው ለአንድ ሰው ወደ 107፣ ለሁለት ሰው ወደ 122 ሳንቲሜትር ቢሆን ጥሩ ነው።

ግን "ጠባብ ነው" ብላችሁ ግድግዳ ለመናድ አትቸኩሉ። የኦስትሪያዋ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በ1926 እ.ኤ.አ. የነደፈችው የፍራንክፈርት ኪችን ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። እርምጃ ተቆጥሮ፣ ደቂቃ ተለክቶ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ፍሪጁን አዛውሩ፣ አንድ በር በተቃራኒው በኩል እንዲከፈት አድርጉ፣ ጥቂት ሳምንት ኑሩበት። ሲንኩ ወይም ምድጃው ራሱ መዛወር ካለበት ግን ቧንቧና ሽቦ ይከተለዋል። ያ ማደስ መባሉ ያበቃል፤ ሙሉ ሥራ ነው።

ምልክት፦ ብሬከር ይወርዳል፣ ሶኬት ይሞቃል

ይህን አትጠግኑ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ብሬከሩን ከፍ ባለ አምፔር መቀየር ሽቦውን ማቃጠል ነው። ደጋግሜ እላለሁ፣ ብሬከሩን አታሳድጉት። ምድጃ፣ ማይክሮዌቭና የውሃ ማፍያ በአንድ መስመር በኤክስቴንሽን ተያይዘው ከሆነ መፍትሄው የየራሳቸው መስመር ነው። ለዚያ ግድግዳ ይከፈታል፣ ሴራሚኩም ይነሳል። ሴራሚኩ ከተነሳ ቧንቧውንም አብራችሁ አስፈትሹ፤ ያንኑ ግድግዳ ሁለት ጊዜ አትክፈቱ።

ምልክት፦ ጠዋት የሚወጣው ውሃ ዝገት አለው፣ ኃይሉም ቀንሷል

መጀመሪያ የቧንቧውን አፍ ወንፊት ፈትታችሁ እጠቡ። ካልተሻሻለ የቤቱን ሌላ ቧንቧ ክፈቱ። እዚያም ያው ከሆነ፣ ቧንቧው አሮጌ የብረት ቧንቧ ከሆነ ደግሞ፣ ከውስጥ ዝጎ ጠቧል። ይህ ሳይቀየር አዲስ ካቢኔት አታስገጥሙ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ ግድግዳው ላይ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ካለ ኪችኑን ተዉትና መሐንዲስ አስጠሩ። ምስጥ ካለ ከማንኛውም ሥራ በፊት ይጥፋ። በጣም ያረጀ ቤት ወለል ላይ ያለ የፕላስቲክ ንጣፍና ማጣበቂያው አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳይመረመር አትፈልጡት፣ አታሹት።

ማፍረስ ከወሰናችሁ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ቧንቧና ሽቦ ይቀድማሉ። ከዚያ ሳጥኖቹ ተገጥመው በውሃ ልክ ይስተካከላሉ። ድንጋዩ የሚለካው ሳጥኖቹ ከቆሙ በኋላ ነው፣ ከወረቀት ላይ አይደለም። ሴራሚክና ቀለም በመጨረሻ።

አዲሱ ሲንክ የተገጠመ ዕለት ሠራተኛው ዕቃውን ሳይሰበስብ ሲንኩን እስከ አፉ ሙሉት፣ ሶፍቱን ጠምጥሙ፣ ውሃውን በአንዴ ልቀቁት። ሶፍቱ ደርቆ ሳታዩ የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡ።