በፈጠራ ክበብ ፉክክሩ መቼ ይጀመር?

በጅማ ትምህርት ቤቶች የፈጠራ ክበብ የምትመሩ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ለውድድር ስታዘጋጁ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ፉክክሩ የሚጀመርበትን ሰዓት ወስኑ።

አዲስ ሐሳብ በሚፈልቅበት ጊዜ ትዝታንና ምናብን የሚያንቀሳቅሰው የአንጎል መረብ ትኩረትን ከሚቆጣጠረው መረብ ጋር ተቀናጅቶ ይሠራል። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመለካት በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የተደረጉ ጥናቶችም፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚመላለሰው አልፋ የተባለው ሞገድ በዚህ ጊዜ እንደሚጎለብት አሳይተዋል፤ ይህም ትኩረት ከውጭው ዓለም ወደ ውስጥ የመዞሩ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ፉክክሩ ወደ ጭንቀት ሲለወጥ ግን ኖርአድሬናሊን የተባለው፣ ሰውነትን የሚያነቃቃ ኬሚካል ከመጠን በላይ ይመነጫል፣ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራ ይዳከማል፣ ተማሪውም ቀድሞ የሚያውቀውን መልስ ይዞ ይቀራል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቴሬዛ አማቢሌ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው ጥናት፣ ለሽልማት የተወዳደሩ ልጃገረዶች ቁርጥራጭ ወረቀት በመለጠፍ የሠሯቸው ሥዕሎች፣ ሽልማቱ በዕጣ እንደሚሰጥ ከተነገራቸው ልጃገረዶች ሥራዎች ያነሰ ፈጠራ ታይቶባቸዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከፉክክር ነጻ አድርጉት። ተማሪዎቹ የሚያውቁትን ችግር ስጧቸው፤ ለምሳሌ በቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ከቀይ እሸት ቡና የሚገፈፈው ልጣጭ ወንዝ ሳይበክል ለምን ሊውል እንደሚችል ጠይቋቸው። እያንዳንዱ ለብቻው፣ ስሙን ሳይጽፍ፣ አንድ ሐሳብ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ያስፍር። የመጀመሪያዎቹ መልሶች፣ ማዳበሪያና ማገዶ፣ በብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ መደጋገማቸው አይቀርም፤ ተማሪዎቹ ዝም ብለው መስኮት መስኮቱን ማየት ሲጀምሩ ሰዓት አልቋል አትበሏቸው፣ ያልተለመደው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነውና። በዚህ ሰዓት ነቀፋ ብቻ ሳይሆን ሙገሳም ይቆይ። አንዱን «ጎበዝ!» ስትሉት ሌሎቹ ወደ እሱ ሐሳብ ይሳባሉና፤ በእኔ እምነት ለመምህር ከባዱ ሥራ ይህ ዝምታ ነው።

ፉክክሩ ከእረፍት በኋላ ይግባ። ወረቀቶቹን በጋራ አንብባችሁ ተማሪዎቹን በቡድን ከፋፍሏቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሐሳብ መርጦ በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳ። ግቡ የታወቀ በመሆኑ ነጥብና የሰዓት ገደብ እዚህ ላይ ትጋትን ይጨምራሉ፤ መመዘኛውን ግን ሥራው ሳይጀመር በሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው። ያልተመረጡትን ወረቀቶች ለቀጣዩ ዙር በክበቡ መዝገብ ውስጥ አኑሯቸው።