ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው? ፊደሉ ይቆይ

ልጅ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ብዙ ወላጅ የሚጨነቀው «ፊደል ለየ ወይ? እስከ ስንት ይቆጥራል?» እያለ ነው። እሱን መምህሯ ታስተምረዋለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያከብዱት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

እርዳታ ከመጠየቅ ጀምሩ። ቤት ውስጥ ፊቱን አይተን ብቻ የፈለገውን እናቀብለዋለን፤ ክፍል ውስጥ ግን መምህሯ የስንቱን ፊት ታንብብ? ስለዚህ ጫማው አልገባ፣ ምሳ ዕቃው አልከፈት ሲለው ቶሎ አትድረሱለት። ትንሽ ታገሡና «ምን ልርዳህ?» በሉት፣ እሱ በራሱ አፍ «ክፈቺልኝ» እስኪል። በተለይ «ሽንቴ መጣ» ማለትን ከቤተሰብ ውጪ ላለ ሰውም ሳያፍር እንዲናገር አለማምዱት። አፍሮ ዝም ብሎ ሱሪው ላይ ያመለጠው ልጅ በማግስቱ «አልሄድም» ቢል አይፈረድበትም።

ተራ መጠበቅ በጨዋታ ይለመዳል። ኳስ ተቀባበሉ፣ «አሁን የኔ ተራ፣ አሁን ያንተ» እያላችሁ። ሁሌም እናንተ እየተሸነፋችሁለት አይሁን፤ መሸነፍን አጠገቡ እያላችሁ ቢለምደው ይሻላል።

የሚጫወቱ ልጆች መሃል መግባት ግን ከሁሉም ይከብዳል። «ልጫወት?» ብሎ መጠየቅ ጨዋነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን «አይቻልም!» የሚል መልስ ያመጣል። መጀመሪያ ምን እየተጫወቱ እንደሆነ ቆም ብሎ ይይ፣ ከዚያ ለጨዋታው የሚሆን ነገር ይዞ ይጠጋ፤ ቤት እየሠሩ ከሆነ አንድ ቁራጭ እንጨት አቀብሎ «ይሄ ለጣሪያው» ቢል አብዛኛውን ጊዜ ይቀበሉታል። ይህን በአሻንጉሊት አስመስላችሁ ደጋግማችሁ አጫውቱት። ዓይን አፋር ከሆነና ዳር ቆሞ ማየት ካበዛ ደግሞ አትገፋፉት፣ በማየትም እየተማረ ነው።

እንቅልፉንም ትምህርት ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አስተካክሉ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ተራ ጠብቅ ቢሉት አይሰማም።

በመጀመሪያው ቀን፣ እንዳያለቅስ ብላችሁ ሹልክ ብላችሁ እንዳትወጡ። በማግስቱ ልብሳችሁን ጨምድዶ ይይዛል። እቀፉት፣ «ምሳ ከበላችሁ በኋላ እመጣለሁ» በሉት፣ ቢያለቅስም ሳትመላለሱ ሂዱ። ባላችሁት ሰዓት ግን በሩ ላይ ተገኙ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳታሳልፉ።