አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት በአይን አይቶ እንዴት መለየት ይቻላል?

እኛ ጋ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። እግር የሌለው ሁሉ "ትል"፣ ትንሽ የሆነ ሁሉ "ነፍሳት" ይባላል። ጎመን ላይ ያለውም ትል፣ ቆሻሻ ላይ ያለውም ትል፣ አፈር ውስጥ ያለውም ትል፣ ሆድ ውስጥ ያለውም ትል፣ ግን እኮ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጭራሽ ትል አይደሉም፣ አንዱ የቢራቢሮ ወገን አንዱ የዝንብ ልጅ ነው። ልጄ ይሄን በሰንጠረዥ ስትሸመድድ አይቼ ደብተሩን አስዘግቻት ግቢ ወጣን፣ ያኔ ነው የገባት።

1. እቃ አዘጋጁ። ነጭ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ ጠርሙስ፣ ዙም የሚያደርግ ስልክ ይበቃል። ድንጋይ ስታነሱ የወዲያኛውን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ አንሱት፣ ጊንጥ ቢኖር ሮጦ የሚወጣው በዛ በኩል ነው እንጂ ወደ እናንተ አይደለም። ጊንጥና ፀጉራም አባ ጨጓሬ በእጅ አይነካም።

2. እግር ቁጠሩ። ከሁሉም በፊት ይሄ ነው። 6 ከሆነ ነፍሳት ነው፣ ጉንዳን፣ ንብ፣ ፌንጣ፣ በረሮ፤ ሰውነቱም ራስ፣ ደረት፣ ሆድ ተብሎ ሶስት ቦታ ይከፈላል፣ ራሱ ላይ ሁለት አንቴና አለው። ክንፍ ካለው ደሞ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም፣ ከአከርካሪ አልባዎች ክንፍ አውጥተው የሚበሩት ነፍሳት ብቻ ናቸው። 8 ከሆነ የሸረሪት ወገን ነው፣ አንቴና የለውም፣ ጊንጥም መዥገርም እዚ ይገባሉ። የጊንጥ መቆንጠጫ እግር ተብሎ አይቆጠርም። አዲስ የተፈለፈለ መዥገር ግን 6 እግር ብቻ ስላለው እንዳያታልላችሁ።

እግሩ ከዛ በላይ ከሆነ አንዱን የሰውነት ክፍል ብቻ ዙም አርጉና እዩ። በአንድ ክፍል አንድ ጥንድ እግር ካለው፣ ጠፍጣፋና ፈጣን ከሆነ፣ መቶ እግር ነው፣ መርዝ አለው ተጠንቀቁ። በአንድ ክፍል ሁለት ሁለት ጥንድ ካለው፣ ክብና ቀርፋፋ ከሆነ፣ ስትነኩት የሚጠቀለል ከሆነ፣ እሱ ሺህ እግር የሚባለው ነው፣ የበሰበሰ ቅጠል በሊታ ነው። እርጥብ ድንጋይ ስር የምትገኘው 14 እግር ያላት ግራጫ ደሞ የሸርጣን ዘመድ ናት፣ እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ ነፍሳት ትመስለኝ ነበር።

አባ ጨጓሬ ብዙ እግር ያለው ይመስላል፣ ግን ከፊት ያሉት መገጣጠሚያ ያላቸው 6ቱ ናቸው እውነተኛዎቹ፣ የኋላዎቹ ለመያዣ የሚሆኑ ለስላሳ ጉብታዎች ናቸው።

3. እግር ከሌለው ቀለበት ፈልጉ። የምድር ትል ሰውነቱ ከዳር እስከ ዳር ቀለበት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ100 በላይ፣ የዝንብ እጭ ግን ቢበዛ ደርዘን ቢሆን ነው። የምድር ትሉን ደረቅ ወረቀት ላይ አድርጉትና ጆሯችሁን አስጠጉ፣ ሲሳብ ቸር ቸር የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ አፈር የሚቆነጥጥባቸው በአይን የማይታዩ ጠጉሮች ናቸው። አልቅትም የሱ ወገን ነው፣ በሁለቱም ጫፍ መምጠጫ አለው።

ቀለበት የሌለው፣ ልሙጥ፣ ሁለቱም ጫፉ የሾለ ከሆነ የወስፋት ምድብ ነው። እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ከሆነ የኮሶ ትል ምድብ ነው። ኮሶ የተቆራረጠ ስለሚመስል ከምድር ትል ጋር የሚያምታቱት አሉ፣ ግን አፍም አንጀትም የለውም፣ ምግቡን በቆዳው ነው የሚመጠው፣ ቁርጥራጮቹም እንቁላል ማዘያ ናቸው።

4. ለስላሳ ሆኖ ልጋግ ጥሎ የሚሄድ ከሆነ የቀንድ አውጣ ምድብ ነው፣ ዛጎል ኖረውም አልኖረውም። በሆዱ በኩል ያለው ሰፊ ጡንቻ እግሩ ነው፣ በመስታወት ላይ አስኪዱትና ከስር እዩት፣ ማዕበል የሚመስል ነገር ሲያልፍበት ያምራል። የወንዝ ቀንድ አውጣ ግን በባዶ እጅ አትልቀሙ፣ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ጠፍጣፋ ትል በውስጡ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የእንዶድን ጥቅም ለአለም ያሳወቁት።

5. የቀሩት በብዛት ባህር ውስጥ ናቸው። የባህር ኮከብ ሰውነቱ በአምስት ይከፈላል፣ ጄሊፊሽና ኮራል የሚናደፉ ህዋሶች አሏቸው፣ ስፖንጅ ደሞ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ አንድ ቦታ ተተክሎ ይኖራል።

ስትጨርሱ የምድር ትሉን ቶሎ ወደ እርጥብ አፈር መልሱት፣ የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ከደረቀ ይሞታል።